በመዳፍ የምትቀመጥ ኮርቻ



በመዳፌ ላይ የተቀመጠችው ይህች ኮርቻ ርዝመቷ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ከኋላ ወንበር ያላችሁ አታዩዋት ይሆናል፤ ንግግሬን ስጨርስ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ስትደርሳችሁ ገልብጣችሁ ሆዷን እዩት። ከሥሯ የእንጨት አጽም አላት፤ አጽሟ በጠፍር ታስሯል፤ በጠፍሩ ላይ ስስ ቆዳ ለብሳለች፤ በግራና በቀኝ የእግር ጣት የሚገባባቸው ሁለት ቀለበቶች ተንጠልጥለውባታል። ትልቁ ኮርቻ ያለው ሁሉ አላት፤ ያነሰው መጠኗ ብቻ ነው።

“ይህ የልጆች መጫወቻ ምን ቁም ነገር ይወጣዋል?” የሚል ሰው ከመካከላችሁ ይኖራል፤ መጠየቁም ደግ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገርና በቀረው ጊዜ ላስረዳ። እኔ የማምነው ይህን ነው፦ እንዲህ ያለች ትንሽ ኮርቻ በወረቀት ያልሰፈረ ዕውቀታችንን ታስቀምጥልናለች፤ ለዘመናት ያቃለልነውንም እጅ ታስከብርልናለች። ለዚህ ደግሞ ከወላይታ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ከልጅነታችን ልጀምር። በወላይታ፣ በዳሞታ ተራራ ሥር ያደግን ልጆች ዝናብ ሲያባራ ጭቃ እያቦካን በሬ፣ ላም፣ ፈረስ እንሠራ ነበር። የበቆሎ አገዳ በእግራችን መሀል አስገብተን የምንጋልብበት ዕድሜ ሲያልፍ፣ ፈረሱን በእጃችን የምንሠራበት ዕድሜ ይመጣል። እስቲ አስታውሱ፤ የጭቃውን ፈረስ ባዶ ጀርባውን የሚተወው ልጅ ነበረ? ከደረቀ የእንሰት ቅጠል ቀደን ኮርቻ እናለብሰው፣ ከቃጫ ፈትለን ልጓም እናገባለት ነበር። ማንም አላስተማረንም። ፈረስ ያለ ኮርቻ ያልተሟላ መስሎ ስለታየን ብቻ አደረግነው። ጭቃው ሲደርቅ ፈረሱ ይሰነጠቅና ይፈርሳል፤ በማግስቱ ሌላ እንሠራለን። ዛሬ የማወራላችሁ ሙያ የዚያ ጨዋታ ታላቅ ወንድም ነው።

የሰው ልጅ ትልቁን ነገር አሳንሶ መሥራት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ መኬትሬ የተባለ ሹም ሞቶ ሲቀበር፣ ከመቃብሩ ጎን በተፈለፈለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከእንጨት የተሠሩ ትናንሽ ሞዴሎች ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1920 አርኪዮሎጂስቶች ክፍሏን ሲከፍቱ ዳቦ የሚጋገርበትን ቤት፣ ጠላ የሚጠመቅበትን፣ እህል የሚሰፈርበትን ጎተራ፣ ከብት የሚቆጠርበትን ሜዳና የናይል ጀልባዎችን አገኙ። ግማሹ ዛሬ ካይሮ፣ ግማሹ ኒውዮርክ ሙዚየም ውስጥ ነው። የመኬትሬ ዘመን ትልልቅ ጎተራዎች ፈርሰዋል፤ ጀልባዎቹ በስብሰዋል። በዚያ ዘመን እህል እንዴት ይሰፈር እንደነበር የሚነግሩን ግን እነዚያ በሁለት እጅ የሚነሱ ትናንሽ ሥራዎች ናቸው። ትንሹ የትልቁ ምስክር ሆኖ ቀረ።

በእኛ ዘመንም ይህ ሙያ አለ፤ ገበያም አለው። በአሜሪካ ብሬየር የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1950 ለጠረጴዛ ሰዓት ማስጌጫ የሚሆን አንድ የፕላስቲክ ፈረስ ሠራ። ሰዓቱን ትተው ፈረሱን የፈለጉ ሰዎች በዙና ድርጅቱ ወደ ሞዴል ፈረስ ሥራ ዞረ። ዋነኛው መጠን ከእውነተኛው ፈረስ አንድ ዘጠነኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ደግሞ በኬንታኪ፣ በሌክሲንግተን ከተማ በየዓመቱ ትልቅ ትርኢት ይደረጋል። በዚህ ዓለም ውስጥ ከፈረሱ እኩል የሚከበር ሰው አለ፤ የፈረሱን ኮርቻ፣ ልጓምና ዛብ አሳንሶ በቆዳ የሚሠራው። ዳኞች የሚመለከቱት ማማሩን ብቻ አይደለም። ኮርቻው በፈረሱ ጀርባ ላይ በትክክል ተቀምጧል? ዘለበቱ ይከፈታል? ልጓሙ አፍ ውስጥ በሚገባው ቦታ አርፏል? ብለው ይመረምራሉ። የአሜሪካ የከብት ጠባቂ ኮርቻ አለ፤ የእንግሊዝ ኮርቻ አለ፤ የአረብ ፈረስ ከነሙሉ አልባሳቱ የሚወዳደርበት ምድብም አለ።

የፈረስ አገር ሆነን ሳለ እኛስ በዚያ ለምን አንታይም?

የፈረስ አገር ስል ለማሞገስ ያህል አልተናገርኩም። የነገሥታቶቻችንንና የጦር አለቆቻችንን ስም የምንጠራው በፈረሳቸው ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ሰው በፈረሱ ስም ከተጠራ፣ ፈረሱ የማንነቱ ግማሽ ሆኗል ማለት ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተዋጋው ሠራዊት ያለ ፈረስና ያለ በቅሎ ከዚያ ባልደረሰ ነበር። በአዊ ምድር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር እስከ ዛሬ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል፤ በዚያ ቀን ያጌጠው ፈረስና የኮርቻው ልብስ ብቻውን ትምህርት ቤት ነው።

ወላይታም የፈረስ አገር ነበረች። ፈረስን በቋንቋችን “ፓራ” እንላለን፤ ቃሉ ከአባቶቻችን የተረፈ እንጂ ከመጽሐፍ የተማርነው አይደለም። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. አገራቸውን ለመከላከል በተሰለፉ ጊዜ ከጎናቸው ፈረሰኞች ነበሩ። በሰላሙም ጊዜ ፈረስ የክብር ምልክት ነበር፤ በሰሜንም በደቡብም የታላቅ ሰው ለቅሶ ሲወጣ ፈረስ ተሸልሞ ወደ ለቅሶው ሜዳ ይቀርብ ነበር። ሽማግሌዎች ይህን በዓይናችሁ ያያችሁ ናችሁ። የእኔ ዕድሜ ልጆች በከፊል አየን። ከእኛ በኋላ የመጡት ኮርቻን የሚያውቁት በፎቶግራፍ ነው።

ኮርቻ ደግሞ ቶሎ የሚሞት ዕቃ ነው። ቆዳን ብል ይበላዋል፤ እርጥበት ያሻግተዋል፤ አይጥ ጠፍሩን ይቆርጠዋል። የአባት ኮርቻ ከጎጆ ማዕዘን ላይ ተሰቅሎ ጭስ እየጠጣ ይኖርና አንድ ቀን ይወድቃል። ሠሪው ሲሞት ደግሞ አሠራሩ አብሮት ይቀበራል። እስቲ ከመካከላችን ኮርቻ ከነአጽሙ መሥራት የሚችል ስንት ሰው እንዳለ በየሰፈራችን እንቁጠር።

ስለዚህ ኮርቻችን ምን እንደሆነ ላስረዳ። የኢትዮጵያ ኮርቻ መሠረቱ እንጨት ነው። በፈረሱ አከርካሪ ግራና ቀኝ የሚያርፉ ሁለት ሳንቃዎች አሉ፤ በፊት አንድ፣ በኋላ አንድ ከፍ ያለ ቅስት ሁለቱን ሳንቃዎች ያያይዛቸዋል። ፊተኛው ቅስት ፈረሰኛው ወደፊት እንዳይወረወር፣ ኋለኛው ወደኋላ እንዳይንሸራተት ያግደዋል። የጥበቡ ልብ በሁለቱ ሳንቃዎች መካከል የሚተወው ባዶ ቦታ ነው። የፈረሱ አከርካሪ በዚያ ክፍተት ውስጥ ነጻ ሆኖ ያልፋል፤ ክብደቱ በጎንና ጎኑ ባለው ሥጋ ላይ ያርፋል። ክፍተቱ ከጠበበ ጀርባው ይቆስላል። አጽሙ የሚታሰረው በምስማር አይደለም። ጥሬ ቆዳ በውሃ ተነክሮ ይጠመጠምበታል፤ ሲደርቅ ይሰበሰብና እንጨቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ከዚያ የለፋ ቆዳ ይለብሳል፤ ከላይ ግላስ የሚባለው ልብስ ይነጠፋል። እርካቡ ጠባብ ቀለበት ነው፤ በባዶ እግሩ የሚጋልብ ሰው አውራ ጣቱን አስገብቶ ይይዘዋል። ከአውሮፓ የመጡ መንገደኞች ይህን የጣት እርካብ እያዩ ተደንቀው ጽፈዋል። ለእኛ ግን በአቀበት ላይ ቶሎ መውረድና ቶሎ መውጣት ለሚፈልግ ፈረሰኛ የሚበጅ ብልሃት ነበር።

አሁን ወደ ትንሿ እንመለስ። እንዴት ትሠራለች?

ከቆዳ በፊት የሚያስፈልገው ሜትርና ደብተር ነው። አንድ የቆየ ኮርቻ የያዘ ሽማግሌ ፈልጋችሁ፣ አስፈቅዳችሁ፣ እያንዳንዱን ክፍል ትለካላችሁ። ከዚያ ሁሉንም ለ9 ታካፍላላችሁ። 45 ሴንቲ ሜትር የነበረው ኮርቻ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሆድ ማሰሪያ ከ3 ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች መውረድ አለበት። በሁለት የስፌት ቀዳዳዎች መካከል 9 ሚሊ ሜትር የነበረው ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ችግሩም ትምህርቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩ ሲካፈል ዕቃው አብሮ አይካፈልም። የመጀመሪያዋን ኮርቻ የሠራሁት ከአሮጌ ጫማ ቶማያ ቆርጬ ነበር። ልኩ ትክክል ነበር፤ ሆኖም ከሩቅ ሲያዩት ኮርቻ፣ ከቅርብ ሲያዩት የጫማ ቁራጭ ነበር። የከብት ቆዳ የጸጉር ቀዳዳዎቹ ትልልቅ ናቸው። በትልቁ ኮርቻ ላይ አይታዩም፤ በትንሿ ላይ ግን እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ይጎላሉ። ማሰሪያው አልታጠፍ ብሎ ዱላ መሰለ። እርካቡም ክብደት ስለሌለው ወደ ታች አልወርድ ብሎ በአየር ላይ ተንጨባረረ። ያኔ የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ አሳንሶ መሥራት ትልቁን መቅዳት አይደለም፤ የዕቃውን ጠባይ እንደገና መማር ነው።

ስለዚህ ከቆዳ ምርጫ እንጀምራለን። የሚያስፈልገው ስስ፣ ጠንካራ፣ ገጹ የደቀቀ ቆዳ ነው፤ የበግ ወይም የፍየል። ቆዳው በመስተዋት ላይ ገጹ ወደ ታች ሆኖ ይነጠፍና በስለታም ምላጭ ከውስጥ በኩል ቀስ እየተባለ ይሳሳል። ምላጩን ወደፊት መግፋት አይገባም፤ በስሱ ማንሸራተት ነው። ጠርዙ ከመሀሉ ይበልጥ መሳሳት አለበት፤ ያለዚያ ሁለት ጠርዞች ሲደራረቡ ጉብታ ይፈጥራሉ።

ሁለተኛው አጽሙ ነው። እንደ ዋንዛ ያለ ለሥራ የሚመች እንጨት በቢላዋ ይቀረጽና በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ሁለቱ ሳንቃዎች በሞዴል ፈረሱ ጀርባ ላይ እየተቀመጡ ይለካሉ። በዚህ ቦታ አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ከውጭ የሚመጣ ሞዴል ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ የረጃጅም ፈረሶች አምሳል ነው። የእኛ ፈረስ አጭር ነው፤ ከመሬት እስከ ትከሻው 1 ሜትር ከ30 አካባቢ ስለሚሆን በአንድ ዘጠነኛ መጠን ከ14 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ተመራማሪዎች በአገራችን ስምንት ዓይነት የፈረስ ዘሮች ለይተዋል፤ የሰላሌው፣ የባሌው፣ የሆሮው፣ ለእኛ የሚቀርበው የከፋው፣ የሐረርጌው የቁንዱዶ ተራራ ፈረስም ጭምር። የእኛ ኮርቻ በባዕድ ፈረስ ጀርባ ላይ አይስማማም። ስለዚህ ፈረሱንም እኛው መሥራት ይኖርብናል።

ሦስተኛው ማሰር ነው። ያልለፋ የፍየል ቆዳ እንደ ክር ቀጭን ሆኖ ይተለተላል፤ ውሃ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት አጽሙ ላይ ይጠመጠማል። ጥላ ላይ ይደርቃል። እሳት ዳር ያስቀመጠው ሰው ይጸጸታል፤ ቆዳው ይኮማተርና እንጨቱን ያጣምመዋል።

አራተኛው ማልበስ ነው። ቀድሞ በወረቀት ልኩ ይወጣል። ቆዳው ቀለም የሚቀባው ከመቆረጡ በፊት ነው፤ ከተሰፋ በኋላ የተቀባ ቆዳ በስፌቱ ሥር ነጭ መስመር ያሳያል። ለቀይ ቀለም አባቶቻችን የሚያውቁት ቀንጠፋ አለ፤ ፋብሪካ ሳይኖር ቆዳን ያቀላ ተክል ነው። የራሰው ቆዳ አጽሙ ላይ ተወጥሮ በማንኪያ እጀታ እየተጫነ ቅርጽ ይይዛል፤ አንድ ሌሊት ይተኛል። ከዚያ ቀዳዳዎቹ በቀጭን ወስፌ ይበሳሉ፤ መርፌው ከወስፌው በኋላ ይከተላል። ክሩ ሦስት ድርብ ከሆነ ይፈታና አንዱ ብቻ ይወሰዳል፤ በሰም ይታሻል፤ ያልታሸ ክር ጸጉሩ ይቆማልና። ማስቲሽ የሚያስፈልግ ከሆነ በጥርስ ማጽጃ እንጨት ጫፍ ብቻ፤ ከጠርዝ የወጣ ማስቲሽ ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

አምስተኛው ብረቱ ነው። እርካቡን፣ የልጓሙን ብረትና ዘለበቱን ከመዳብ ሽቦ ማጠፍ ይቻላል። ማሰሪያው ቀጥ ብሎ እንዲወርድ በሁለት ስስ ቆዳ መካከል ጸጉር የመሰለ ሽቦ ይደረጋል። ያኔ እርካቡ ሰው የሚጠብቅ መስሎ ይንጠለጠላል።

በመጨረሻ ኮርቻዋ በፈረሱ ጀርባ ላይ ትቀመጥና በፊት በኩል ብርሃን እናሳልፍባታለን። በአከርካሪው ላይ ብርሃን ካለፈ ኮርቻዋ እውነተኛ ናት። ብርሃን ካላለፈ ምንም ብታምር አትጠቅምም፤ ትልቅ ብትሆን ኖሮ ፈረስ ታቆስል ነበርና። ይህን ፈተና አንድ ተማሪ በሞዴሉ ላይ አሥር ጊዜ ቢያደርገው፣ በእውነተኛው ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ጀርባ ላይ የሚያየውን ቁስል በሌላ ዓይን ይመለከተዋል። በመንገዳችን ላይ የምናያቸው የጋማ ከብቶች የጀርባ ቁስል ብዙው የሚመጣው ከጭነት ብዛት ብቻ አይደለም፤ ካልተስማማ ኮርቻና ከጠበበ ክፍተትም ነው።

ወገኖቼ፤ እስካሁን የቆጠርኩላችሁ ዕቃ ሁሉ በዚህችው ከተማ ገበያ ይገኛል። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ስስ፣ ብርቱና ለስላሳ በመሆኑ በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። የባቲ ፍየል ቆዳም በስሙ የሚፈለግ ነው። ለጓንት የሚሆን ቆዳ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ለትንሿ ኮርቻ ሲሳሳ መነሻ የሚሆነውም ይኸው ነው። ወላይታ ደግሞ በሥጋዋ በመላ አገሪቱ የታወቀች ናት፤ ሶዶን የረገጠ እንግዳ ጥሬ ሥጋና ዳጣ ሳይቀምስ አይመለስም። እርድ ባለበት ቆዳ አለ። ሆኖም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በበዓል ማግስት በየከተሞቻችን የበግና የፍየል ቆዳ በየመንገዱ ተጥሎ ሲሸት አይተናል፤ ዋጋው ስለወደቀ የሚሰበስበው ጠፋ። ከአንድ የበግ ቆዳ ስንት ትንሽ ኮርቻ እንደሚወጣ አስቡት። የምንጥለው ነገር በሌላው ዓለም በከፍተኛ ጥንቃቄ የሚፈለግ ነው።

አሁን ከባዱን ነገር ልናገር። ቆዳው አለ፤ ቆዳውን የሚያውቀው እጅስ?

በዳሞታ ተራራ ደቡብ ምዕራብ ወገብ ላይ ሞጨና ቦራጎ የሚባል ዋሻ አለ። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት የተመራ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ቆፍሮታል። ከ50,000 ዓመት በላይ ወደኋላ የሚሄዱ፣ ከጥቁር ባልጩት የተሠሩ መሣሪያዎች ወጥተውበታል። በዚያ ዘመን ተራራችን ላይ የኖሩ ሰዎች ድንጋይ ጠርበው ይሠሩ ነበር። ይህ ጥበብ ደግሞ በአካባቢያችን ጨርሶ አልሞተም፤ በጋሞ ደጋና በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ሰዎች እስከ ቅርብ ጊዜ የባልጩት መፋቂያ በእንጨት እጀታ ላይ እየሰኩ ሲሠሩ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። በኮንሶ ይህን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። የድንጋይ መሣሪያ ሥራ የወንድ ነው ብሎ ያምን የነበረውን የዓለም ምሁር ሐሳብ ያስለወጡ የኮንሶ እናቶች ናቸው። ዓለም ከእጃቸው ሊማር ይመጣል፤ እኛስ?

እኛ እነዚህን እጆች አቃለልናቸው። በወላይታ ቆዳ የሚሠራውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን እናት በየስማቸው ለይተን አራቅናቸው። ያንን ስም ከዚህ መድረክ አልጠራውም፤ ስድብ ሆኖ ስለኖረ። ከእነርሱ ጋር አልተጋባንም፤ በአንድ ገበታ አልበላንም። በሠሩት ማሰሮ ውሃ ጠጣን፤ በቀጠቀጡት ማረሻ አረስን፤ በሠሩት ኮርቻ ላይ ተቀምጠን ተከበርን፤ ሠሪውን ግን ከደጃፍ መለስነው። የወላይታ ብቻ ኃጢአት አይደለም፤ አገር አቀፍ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ የደረሱት ነገሩ ስለከፋ ነው። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ምን ያህሎቻችን ቤት እንደገባ ግን እያንዳንዳችን ልባችንን እንጠይቅ።

ይህችን ኮርቻ የወደድኩበት ትልቁ ምክንያት እዚህ ላይ ነው። አንዲት ሙሉ ሞዴል ፈረስ ለመሥራት ምን ያስፈልጋል? ፈረሱን ከሸክላ የምትቀርጽና የምትተኩስ እናት ታስፈልጋለች። እርካቡንና ልጓሙን የሚሠራ ባለ ብረት ያስፈልጋል። ኮርቻውን የሚያለብስ ባለ ቆዳ ያስፈልጋል። ግላሱን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር አድርጎ የሚሸምን ሸማኔ ያስፈልጋል። አያችሁ? ተራ በተራ ያራቅናቸው እጆች ሁሉ በአንዲት የ15 ሴንቲ ሜትር ፈረስ ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ከጎደለ ፈረሱ አይሟላም። የጭቃ ፈረሱን ባዶ ጀርባውን መተው ያልቻለው ልጅ ያኔ ያወቀውን ነገር እኛ አዋቂዎቹ የረሳነው ይመስለኛል።

ሌሎችም እጆች አሉን። ከወላይታ ወጥተው በአዲስ አበባና በየከተማው አስፋልት ዳር ጫማ የሚያስውቡና የሚጠግኑ ልጆቻችን። ሊስትሮ ብለን የምናልፋቸው እነዚህ ልጆች ወስፌ መያዝ ያውቃሉ፤ ማስቲሽ ምን ያህል እንደሚበቃ ያውቃሉ፤ ቆዳ ሲደርቅ፣ ሲርስ፣ ሲቀለም ምን እንደሚሆን በጣታቸው ያውቃሉ። ትንሿ ኮርቻ ከሚጠይቀው ችሎታ ግማሹ በእጃቸው አለ። የቀረው የሚያሳይ ሰው፣ ልክ የያዘ ወረቀትና የትዕግሥት ጊዜ ነው።

ስለዚህ አራት ነገር እለምናችኋለሁ።

የመጀመሪያው ለእናንተ ለሽማግሌዎች ነው። በቤታችሁ የቀረ ኮርቻ፣ እርካብ፣ ልጓም ካለ አትጣሉት፤ አትሽጡት። ልጆች መጥተው ይለኩት፤ ፎቶግራፍ ያንሱት። እናንተም የእያንዳንዱን ክፍል ስም በወላይትኛ ንገሯቸው። ስሙ ከጠፋ ዕቃው ግማሹ ጠፋ።

ሁለተኛው ለወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና ለዞናችን የሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት ነው። የምትመዘግቡት ታሪክ በቃል ብቻ አይብቃ። የተለካው ኮርቻ በአንድ ዘጠነኛ መጠን ተሠርቶ ከነልኩና ከነስሙ በመስተዋት ሣጥን ይቀመጥ። መኬትሬ ለግብፅ ያስቀመጠውን እኛ ለወላይታ እናስቀምጥ። ሥልጠናው ሲሰጥም አሠልጣኞቹ ለዘመናት ሙያውን የያዙት ቤተሰቦች ይሁኑ፤ የአሠልጣኝ አበልና የአሠልጣኝ ክብር ይሰጣቸው።

ሦስተኛው ለነጋዴዎችና በውጭ ለምትኖሩ ወገኖች ነው። የውጭው ገበያ የሚጠይቀው ብዛት ሳይሆን ትክክለኛነት ነው። ዘለበቱ ሊከፈት፣ ስፌቱ ሊቆጠር፣ ኮርቻው በጀርባ ሊስማማ ይገባል። ጥቂት ሠርተን በደንብ እንሥራ። በእያንዳንዷ ኮርቻ ሥር የሠሪው ስም ይጻፍ፤ በአገራችን የእጅ ሥራ ከሠሪው ስም ጋር ሲሸጥ እምብዛም አልታየምና ይህ ራሱ አዲስ ምዕራፍ ይሆናል።

አራተኛው ለሁላችንም ነው፤ ገንዘብም በጀትም አይጠይቅም። ነገ ገበያ ስትወጡ ቆዳ የሚሠራውን ሰው በስሙ ጥሩት። ቤታችሁ ሲመጣ አብራችሁት ብሉ። ልጃችሁ የልጁን እጅ ልትይዝ ብትፈልግ አትከልክሏት። የሙያውን ፍሬ እየወደድን ባለሙያውን ብናርቅ ያቺ ኮርቻ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ሆና ትፈርድብናለች።

ኮርቻዋን አሁን ለፊተኛው ወንበር እሰጣለሁ። በጥንቃቄ ያዟት፤ ገልብጣችሁም እዩዋት። አባቶቻችን “ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው” ይላሉ። በጉ አለ፤ ቆዳው አለ፤ ዕውቀቱ አለ፤ እጁም አለ። የጎደለው አክብሮታችን ነው፤ እርሱን ደግሞ ከማንም አንበደርም፤ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከየቤታችን ማውጣት እንችላለን።